ኔብራስካና የተተወው ሩጫ

በአሜሪካ መሃል አገር፣ ከሚዙሪ ወንዝ በስተ ምዕራብ የተንጣለለችው ኔብራስካ የበቆሎና የከብት ግዛት ናት። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሲሆን በአሜሪካ ፉትቦልም ሆነ በቅርጫት ኳስ በትልልቆቹ ሊጎች የሚጫወት ፕሮፌሽናል ቡድን የላትም። ያላት አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው፤ ኮርንሀስከርስ ይባላል፣ ደጋፊው አሳጥሮ ሀስከርስ ይለዋል። በመኸር ቅዳሜ ሊንከን የሚገኘው ሜሞሪያል ስታዲየም ሲሞላ፣ እዚያ የሚሰበሰበው ቀይ ለባሽ ከኦማሃና ከሊንከን በቀር ከየትኛውም የግዛቲቱ ከተማ ነዋሪ ይበልጣል። ከ1962 ኖቬምበር ወዲህ ትኬቱ ተሸጦ ያላለቀበት ጨዋታ የለም (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሲቆጣ ቁጣው አገር ምድሩን ያዳርሳል። ኔብራስካን ደግሞ ከሽንፈት እኩል፣ አንዳንዴም ከሽንፈት በላይ ያስቆጣት አንድ ነገር ነው፤ አሰልጣኞች ሩጫውን መተዋቸው።

ጠቡ ኳሱ ወደፊት በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ኳርተርባክ የሚባለው አጥቂውን የሚመራ ተጫዋች ኳሱን ለተቀባይ ሊወረውር ይችላል፤ አለዚያም እሱ ራሱ ወይም ከኋላው የቆመ ሯጭ ኳሱን ታቅፎ፣ ግዙፎቹ የፊት መስመር ተጫዋቾች በሚከፍቱለት ቀዳዳ ይሮጣል። ውርወራ በአንድ ሙከራ ሩቅ ያደርሳል። ግን የተወረወረው ኳስ ሳይያዝ መሬት ከነካ ሰዓቱ ይቆማል፤ ተጋጣሚ ከቀለበው ደግሞ ኳሱ የተጋጣሚ ነው። ሯጭ ሜዳው ውስጥ ሲወድቅ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። እየመራ ያለ ቡድን መሮጥ የሚወደው ለዚህ ነው። ሩጫ ፍሬው ቶሎ አይታይም። ማሳ ተደጋግሞ እንደሚታረስ ነው፤ የመጀመሪያው እርሻ ጓል ይገለብጣል እንጂ አፈሩን አያለሰልስም። ሦስት ያርድ፣ አራት ያርድ፣ ሁለት ያርድ፣ እንደገና አራት። በአራተኛው ሩብ ግን የተከላካዩ ጉልበት ይከዳዋል፣ ቅድም ሦስት ያርድ ያስገኘው ያው ሩጫ አሁን ሠላሳ ያስገኛል።

አሰልጣኙ ቦብ ዴቫኒ በ1962 ከዋዮሚንግ ሲመጣ ቡድኑ ሽንፈት የለመደ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ፤ በ1970 እና በ1971 የአገሪቱን ሻምፒዮንነት አመጣ። ሕዝቡ ግን ከሁሉም አስበልጦ የሚያነሳው በ1971 የምስጋና ቀን ኦክላሆማ ላይ የተደረገውን ጨዋታ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያሉ፣ ሁለቱም ያልተሸነፉ ቡድኖች ተገናኙ። ደቂቃዎች ሲቀሩ ኦክላሆማ 31 ለ 28 ይመራ ነበር። ኔብራስካ 74 ያርድ መግፋት ነበረበት። ኳርተርባኩ ጄሪ ታጊ መሃል ላይ አንድ ወሳኝ ኳስ ለጆኒ ሮጀርስ ወረወረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው የጄፍ ኪኒ ሆነ። ኪኒ ማኩክ ከምትባል የኔብራስካ ትንሽ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ማሊያው ተቀዳዶ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ኳሱን ደጋግመው ለእሱ ሰጡት፣ ደጋግሞ ገባ። አንድ ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ሲቀር አራተኛውን ታችዳውን አስቆጠረና፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር አለፈና፣ ጨዋታው 35 ለ 31 አለቀ። አንድ ትውልድ ፉትቦል ማለት ይህ ነው ብሎ ያደገው ያን ቀን ነው።

በ1973 ዴቫኒ ቦታውን ለምክትሉ ለቶም ኦዝቦርን አስረከበ። ኦዝቦርን ሄስቲንግስ የተወለደ የአገሩ ልጅ ነው፤ በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬት ያለው፣ ድምፁን የማያሰማ ሰው። በኋላ ሩጫን ያመለከው ሰው ሲጀምር የውርወራ አሰልጣኝ እንደነበር ዛሬ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የለወጠው ኦክላሆማ ነው። የአሰልጣኝ ባሪ ስዊትዘር ኦክላሆማ ዊሽቦን በሚባል የሩጫ አሰላለፍ አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈው። ሕዝቡም ያኔ ኦዝቦርንን አልማረውም። በ1978 ኔብራስካ 17 ለ 14 ሲያሸንፍ ጫናው ቀለል አለ፤ ኦዝቦርን ግን ትምህርቱን ወስዶ ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ ተርነር ጊል ያሉ እግረ ፈጣን ኳርተርባኮችን መለመለና ኦፕሽን የሚባለውን ጨዋታ መሠረቱ አደረገ። ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ወደ መስመሩ ጠርዝ ይሮጣል። ተከላካዩ ወደ እሱ ከመጣ ለጎኑ ሯጭ ያቀብላል፤ ተከላካዩ ወደ ሯጩ ካየ ራሱ ይዞ ይገባል።

ይህ ምርጫ ከአገሩ ጋር የተስማማ ነበር፣ የታሪኩ ቁልፍም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኔብራስካ በሕዝብ ቁጥር ትንሽ ናት፤ እንደ ካሊፎርኒያ፣ እንደ ቴክሳስና እንደ ፍሎሪዳ በየዓመቱ ድንቅ ወርዋሪዎችን አታበቅልም። በኖቬምበር የሚነፍሰው የሜዳማው አገር ንፋስ ለተወረወረ ኳስ አይመችም። በእጇ ያሉት እርሻ ላይ ያደጉ ጠንካራ ልጆች ናቸው። ዎክ ኦን ይባላሉ፤ ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሳቸው ወጪ ከየገጠሩ መጥተው ቡድኑን ይቀላቀሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ቦይድ ኢፕሊ የተባለ የጉልበት አሰልጣኝ በ1969 ቀጥሮ ክብደት ማንሻ ክፍል ያደራጀው ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገና ሳያስብበት ነው። ከመንደር የመጣው ልጅ አራት አምስት ዓመት ብረት ሲያነሳ ቆይቶ የፊት መስመሩ ላይ ይቆማል። የመንደሩ ሰው ቅዳሜ ትኬት ቆርጦ የሚያየው የጎረቤቱን ልጅ ነበር። ሩጫው ሲተው የቀረው የጨዋታ ስልት ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በ1983 ጊል፣ ተቀባዩ ኧርቪንግ ፍራየርና ሯጩ ማይክ ሮዚየር በአንድነት አሥራ ሁለት ጨዋታ ሳይሸነፉ ጨረሱ፤ ሚኒሶታን 84 ለ 13 ረቱ። ሮዚየር በዚያ ዓመት 2,148 ያርድ ሮጦ ለዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማን ዋንጫ ወሰደ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1984 ለሻምፒዮንነቱ ቦውል ከሚባሉት የዓመት መዝጊያ ጨዋታዎች አንዱ በሆነው በኦሬንጅ ቦውል ከማያሚ ጋር ተጋጠሙ። አርባ ስምንት ሰከንድ ሲቀር ኔብራስካ በኦፕሽን ታችዳውን አስቆጠረና ልዩነቱን አንድ ነጥብ አደረሰው። በአንድ ነጥብ ምት አቻ መውጣትና ዋንጫውን መውሰድ ይችል ነበር። ኦዝቦርን ግን ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ሞከረ፤ የተወረወረውን ኳስ የማያሚ ተከላካይ በጣቱ ነካው። 31 ለ 30። ሕዝቡ ለዚህ ድፍረቱ እስከ ዛሬ ያከብረዋል፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ከዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ከፍታ ነው። በ1994 ኳርተርባኩ ቶሚ ፍሬዚየር ደሙ እየረጋ ሲያስቸግረው ብሩክ ቤሪንገር ቦታውን ሸፍኖ ቡድኑን አሻገረው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 እንደገና ማያሚ፣ እንደገና ኦሬንጅ ቦውል። ማያሚ ለሦስት ሩብ ያህል መራ፤ ዋረን ሳፕ የተባለው ኃይለኛ ተከላካዩ የኔብራስካን የኋላ ሜዳ ሲያምስ ዋለ። በአራተኛው ሩብ ግን ሳፕም ጓደኞቹም ትንፋሽ አጠራቸው። ኔብራስካ ብዙም የማይጠቀምበትን ሯጭ አወጣ። ኮሪ ሽሌሲንገር የዳንከን መንደር ልጅ ነው፤ ሥራው ለሌሎች መንገድ መጥረግ ነበር። በመሃል በኩል ሁለት ጊዜ ኳሱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ታችዳውን አስቆጠረ። 24 ለ 17። ሩጫ ቶሎ አይክፈል እንጂ ሳይከፍል አይቀርም ያሉ ሰዎች ማስረጃቸውን በዓይናቸው አዩ።

የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ከምንጊዜውም ምርጥ ቡድኖች ተርታ ይሰለፋል። ጃንዋሪ 2 ቀን 1996 በፊየስታ ቦውል የገጠመው ፍሎሪዳ፣ በስቲቭ ስፐሪየር አሰልጣኝነት የውርወራ ጨዋታን ያራቀቀ፣ በዘመኑ የወደፊቱ ፉትቦል ተብሎ የሚወደስ ቡድን ነበር። ኔብራስካ 524 ያርድ ሮጠበት። ፍሬዚየር በአንዱ ሩጫ ካንዱ እጅ እያመለጠ፣ ሌላውን እየጣለ 75 ያርድ ሄደ። ውጤቱ 62 ለ 24 ሆነ። በ1997 ደግሞ የዉድ ሪቨር ልጅ ስኮት ፍሮስት ኳርተርባክ ሆኖ ቡድኑ ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨረሰና ሻምፒዮንነቱን ከሚሺጋን ጋር ተካፈለ። ኦዝቦርን 255 ድል፣ 49 ሽንፈትና ሦስት አቻ አስመዝግቦ ተሰናበተ።

ተተኪው ፍራንክ ሶሊች በዴቫኒ ዘመን ለዚሁ ቡድን የሮጠ አጭር ብርቱ ሰው ነው። በ1999 አሥራ ሁለት ጨዋታ አሸነፈ፤ በ2001 ኳርተርባኩ ኤሪክ ክራውች ሄይዝማን ሲወስድ ቡድኑ አሥራ አንድ ጨዋታ ሳይሸነፍ ደርሶ ነበር። ያኔ ኮሎራዶ 62 ለ 36 ደመሰሰው፣ በሮዝ ቦውልም ማያሚ 37 ለ 14 ረታው። በ2002 ሰባት አሸንፎ ሰባት ተሸነፈ። እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ ሩጫው ራሱ አርጅቶ ነበር። የተከላካዮች ፍጥነት ጨምሯል፣ ፕሮፌሽናል የመሆን ሕልም ያለው ወጣት ኳርተርባክም ኦፕሽን ወደሚጫወት ዩኒቨርሲቲ መሄድ ትቷል። ለውጥ የጠየቁት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው።

የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ስቲቭ ፔደርሰን ግን ሶሊችን ያባረረው ዘጠኝ ጨዋታ ባሸነፈበት በ2003፣ ኮሎራዶን በረታ በማግስቱ ነው። ከወር በላይ ሲፈልግ ቆይቶ በጃንዋሪ 2004 ቢል ካላሃንን አመጣ። ካላሃን ኦክላንድ ሬይደርስ የተባለውን ፕሮፌሽናል ቡድን ለሱፐር ቦውል አድርሶ በታምፓ ቤይ 48 ለ 21 የተሸነፈ፣ በዚያ ጨዋታ ኳርተርባኩ አምስት ኳስ ለተጋጣሚ የሰጠበት አሰልጣኝ ነው። ይዞ የመጣው ዌስት ኮስት የሚባለውን፣ በአጫጭርና በተመጠኑ ውርወራዎች የተገነባ ስልት ነበር። ኦፕሽኑ በአንድ ክረምት ተጣለ። ኦፕሽን እንዲጫወት የተመለመለው ኳርተርባክ ጆ ዴይሊ በአንድ ጊዜ ወርዋሪ ሁን ተባለ። የዎክ ኦን ልጆችም ቁጥር ተቀነሰ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት አምስት ድልና ስድስት ሽንፈት ነበር። ከ1961 ወዲህ የመጀመሪያው ከግማሽ በታች ዓመት። ለ35 ዓመታት በተከታታይ ወደ ቦውል ጨዋታ ሲሄድ የኖረው ቡድን ቤቱ ቀረ። ቴክሳስ ቴክ 70 ለ 10 አሸነፈው። የሊንከኑ ስታዲየም ግን ይሞላ ነበር፤ ይህ ሕዝብ ሲቆጣም ይመጣል። በቡና ቤቱና በሬዲዮው የደጋፊ ፕሮግራም የሚነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ አንድ ያርድ ሲቀረን ለምን እንወረውራለን? እየመራን ለምን ሰዓቱን እናቆማለን? የድሮ አሰልጣኞች ኳስ ስትወረውር ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ክፉ ናቸው ይሉ ነበር። ይህንን የሚደግም ገበሬ ዘመኑ ያለፈበት ተደርጎ ተቆጠረ።

ይህ ንቀት ዛሬም ያሳዝነኛል። በስሌት ካየነው አንድ ውርወራ በአማካይ ከአንድ ሩጫ የበለጠ ያርድ ያስገኛል፤ አሰልጣኞች ይህን ሲሉ ትክክል ናቸው። ሆኖም ደጋፊው የሚያነሳው ሌላ ነገር ነበር። ያለህ ልጅ ምን ያውቃል፣ ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል፣ ተከላካዮችህ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ ቆመዋል? ውርወራው ሦስት ጊዜ ከሳተ የአጥቂው ተራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልቅና የደከመው ተከላካይ ሳያርፍ ይመለሳል። ይህን ለመረዳት ስታዲየሙ ውስጥ አርባ ዓመት መቀመጥ ይበቃል።

ካላሃን በ2006 ዛሬ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ አሰልጣኝ በሆነው በዛክ ቴይለር ወርዋሪነት ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፎ ነበር። 2007 ግን ሁሉንም ጠረገው። ኦክቶበር 13 ቀን የ1997ቱ ሻምፒዮኖች ሊከበሩ ሜዳው ላይ በተገኙበት ዕለት ኦክላሆማ ስቴት 45 ለ 14 አሸነፈ። አባቶቹ ቆመው ልጆቹ ተረቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ፔደርሰን ተባረረ፤ ከኮንግረስ አባልነት ተመልሶ የነበረው ቶም ኦዝቦርን ጊዜያዊ የአትሌቲክስ ዳይሬክተር ሆነ። ኦክቶበር 27 ኔብራስካ ቴክሳስን 17 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ ቴክሳስ በአራተኛው ሩብ ወደ ሩጫ ዞረ። ጃማል ቻርልስ በዚያ አንድ ሩብ ብቻ 216 ያርድ ሮጠ፣ በጠቅላላው 290። ጨዋታው 28 ለ 25 አለቀ። የኔብራስካ ሰው ያየው የራሱን የድሮ ጨዋታ ነበር፤ የሚጫወተው ግን ሌላ ሰው ነው። በሳምንቱ ካንሳስ 76 ለ 39 ረታው፣ በኮሎራዶ 65 ለ 51 ከተሸነፈ በኋላም ካላሃን በ27 ድልና በ22 ሽንፈት ተሰናበተ።

ተተኪው ቦ ፔሊኒ በየዓመቱ ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ። እንደ ሬክስ በርክሄድና አሚር አብደላ ያሉ ሯጮች ነበሩት፤ ስለዚህ በእሱ ዘመን ሩጫው ሞቷል ማለት አይቻልም። ሕመሙ በሌላ በኩል መጣ። ቡድኑ በ2011 ቢግ ቴን ወደሚባለው ኮንፈረንስ ሲገባ ተፎካካሪው ዊስኮንሲን ሆነ፤ ዊስኮንሲን ደግሞ በራሱ ገጠር ልጆች የፊት መስመር ሠርቶ የሚሮጥ፣ ድሮ ኔብራስካ የነበረውን የሆነ ቡድን ነው። በ2012 የኮንፈረንሱ ዋንጫ ላይ 539 ያርድ ሮጦ 70 ለ 31 አሸነፈው። ኖቬምበር 15 ቀን 2014 ሜልቪን ጎርደን ብቻውን 408 ያርድ ሮጠበት፤ በዚያ ላይ አራተኛውን ሩብ አልተጫወተም።

በ2015 ከኦሬገን ስቴት የመጣው ማይክ ራይሊ ገር ሰው ነው፤ ማንም በሰውነቱ አልጠላውም። ስልቱ ግን ውርወራ ነበር። ኦክቶበር 3 ቀን ኢሊኖይ ላይ፣ ነፋስ በበዛበት ቀን 13 ለ 7 ሲመራ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረም። በሦስተኛው ሙከራ ላይ ኳሱን ይዞ መውደቅ ሰዓቱን ይበላ ነበር። ቶሚ አርምስትሮንግ ወረወረ፤ ኳሱ መሬት ነካ፣ ሰዓቱ ቆመ። ኢሊኖይ በተረፈው ሰከንድ ሜዳውን አቋርጦ 14 ለ 13 አሸነፈ። ኦክቶበር 31 ደግሞ አርምስትሮንግ ተጎድቶ ተቀያሪው ከ40 ጊዜ በላይ ወረወረ፤ ከዚያ በፊት አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ፐርዱ 55 ለ 45 ረታቸው። የዚያ ሳምንት ቁጣ በካላሃን ዘመን ከነበረው አያንስም።

ዲሴምበር 26 ቀን በሳንታ ክላራ፣ ካሊፎርኒያ በተደረገው ፎስተር ፋርምስ ቦውል ኔብራስካ በዩሲኤልኤ 21 ለ 7 እየተመራ ሳለ አሰልጣኞቹ ሩጫ ጀመሩ፤ ጀምረውም አላቆሙም። ቡድኑ 62 ጊዜ ሮጠ፣ 326 ያርድ። 37 ለ 29 አሸነፈ። ልጆቹ ያው ነበሩ፣ የፊት መስመሩም ያው፤ ዓመቱን ሙሉ ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር። በዚያ ምሽት በኔብራስካ ቤቶች ደስታና ንዴት አብረው አደሩ። ራይሊ በዚህ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ዕድሉ ይረዝም ነበር ብዬ አምናለሁ። አልቀጠለም። በ2017 ሚኒሶታ 409 ያርድ ሮጦ 54 ለ 21 አሸነፈው፤ አራት ድልና ስምንት ሽንፈት ይዞ በኖቬምበር ተሰናበተ።

ከዚያ ስኮት ፍሮስት፣ የ1997ቱ ኳርተርባክ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሴንትራል ፍሎሪዳን ሳይሸነፍ አድርሶ የመጣ፣ ኦዝቦርን ያሳደገው የዉድ ሪቨር ልጅ፤ ሕዝቡ ከዚህ በላይ ምን ይለምናል። ይዞት የመጣው ግን በኦሬገን የተማረውን፣ ሜዳውን በስፋት ዘርግቶ የሚሮጥም የሚወረውርም ፈጣን ስልት ነበር፤ የፊት መስመሩም እንደ ድሮው ጠንካራ አልሆነለትም። በተደጋጋሚ በጥቂት ነጥብ ልዩነት እየተሸነፈ አምስተኛ ዓመቱ ደረሰ።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ጆርጂያ ሳውዘርን ወደ ሊንከን መጣ። ጆርጂያ ሳውዘርን ማለት በታችኛው ዲቪዚዮን በኦፕሽን ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ ለሩጫ ሲል የኖረ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ዓመት አዲሱ አሰልጣኝ ክሌይ ሄልተን ኦፕሽኑን ጥሎ ውርወራ አስገብቶ ነበር፤ ኳርተርባኩ ካይል ቫንትሪስ በዚያ ምሽት 409 ያርድ ወረወረ። በገዛ ሜዳው 35 ነጥብና ከዚያ በላይ ባስቆጠረባቸው 214 ጨዋታዎች አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ኔብራስካ 42 አስቆጠረ። ሠላሳ ስድስት ሰከንድ ሲቀር ቫንትሪስ፣ ምሽቱን ሙሉ ሲወረውር የቆየው፣ ኳሱን ታቅፎ ስምንት ያርድ ሮጦ ገባ። 45 ለ 42። በማግስቱ እሑድ ፍሮስት ተባረረ።